«ከ4,000 ሰው መሐል ማንም አያየኝም»

የምክር ዓምድ

«ከ7 ወር በፊት የልብስ ስፌት ለሚማሩ ሰዎች የተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። አባላቱ ከ4,000 ይበልጣሉ። እስካሁን ሃያ ጊዜ ያህል ጽፌያለሁ፤ መልስ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሌሎቹ በስም ይጠራራሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ አንዱ ሰሞኑን ከጠፋ ‹የት ገባህ?› ይሉታል። ባለፈው ሳምንት ራሴ የሰፋሁትን የመጀመሪያ ቀሚስ ፎቶ ለጠፍኩ። ዚፑ ትንሽ ቢጣመምም ኮርቼበት ነበር። ሦስት ላይክ አገኘሁ። ከእኔ ቀጥላ የለጠፈችው ልጅ ስልሳ ምናምን አገኘች። ሌሊቱን ስልኬን ሳነሳና ስጥል አደርኩ፤ ጠዋት ፎቶውን አጠፋሁት። ሥራዬ ስለማይረባ ነው? ወይስ እኔ ነኝ ሰው የማልስበው? ልውጣ ወይስ ልቆይ? ከመልእክቶቼ አንዱን አያይዤላችኋለሁ።»

የማልታየዋ

ውድ እህታችን፣

ስለዚያች ሌሊት እንጀምር። «ለማላውቃቸው ሰዎች ላይክ ብዬ እንቅልፍ አጣለሁ?» ብለሽ በራስሽ አፍረሽ ከሆነ፣ ኀፍረቱን ተዪው። ኪፕሊንግ ዊሊያምስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ሙከራ አለ። ከ62 አገሮች የመጡ 1,486 ሰዎች በኢንተርኔት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ኳስ የሚቀባበሉበት ቀላል ጨዋታ ተሰጣቸው። ሁለቱ «ሰዎች» በእውነት በኮምፒውተር የታዘዙ ምስሎች ነበሩ። ኳሱ ያልደረሳቸው ተሳታፊዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስሜታቸው ተጎዳ፤ የመገለልና የማነስ ስሜት አደረባቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ተጫዋቾቹ ኮምፒውተር መሆናቸው አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች እንኳ እንደሚጎዱ ታየ። አንቺ በገዛ እጅሽ የሰፋሽውን ቀሚስ ነው ያቀረብሽው። ባይከፋሽ ነበር የሚገርመው።

ለጥያቄዎችሽ አጭሩ መልሳችን ይህ ነው፤ የሥራሽ አለመርባት አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም፣ ለአራት ሳምንት ቆዪ። ግን እንደ እስካሁኑ አይደለም። እስካሁን 4,000 ሰው እንዲያይሽ ነው የደከምሽው። 4,000 ሰው ማንንም ማየት አይችልም። ሰውን የሚያየው ሰው ነው፤ አንቺም የሚያስፈልግሽ ስምሽን የሚያውቁ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ናቸው። ከዚህ በታች የምንልሽ ሁሉ ወደ እነዚያ ስድስት ሰዎች የሚወስድ ነው።

ዝምታው ከየት እንደሚመጣ ካላወቅሽ ሁልጊዜ ራስሽ ላይ ስለምትፈርጂ፣ ቁጥሩን አብረን እንየው። በኢንተርኔት ስብስቦች ላይ ለረጅም ጊዜ የሚሠራበት ግምታዊ ልኬት አለ፤ ያኮብ ኒልሰን የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 አስፍቶ ጽፎበታል። ከመቶ አባላት 90ዎቹ ያነባሉ እንጂ አይጽፉም፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋሉ፣ አብዛኛውን የሚጽፈው 1 ሰው ነው። ልኬቱ ሻካራ ነው፣ በየግሩፑም ይለያያል። በእናንተ ግሩፕ ላይ ስናሰላው ግን፣ እነዚያ በስም የሚጠራሩት ሰዎች 4,000 ሳይሆኑ ወደ 40 ናቸው ማለት ነው። አንቺ የቀሩት በሙሉ የሚተዋወቁ መስሎሻል። የቀሩት እንደ አንቺው ዳር ቆመው ነው የሚያነቡት፤ ብዙዎቹም «እኔን ብቻ ነው የረሱኝ» ሊሉ ይችላሉ።

አሁን ደግሞ ያንቺን ቁጥር እንየው። ሃያ መልእክት በሰባት ወር ማለት በአሥር ቀን አንዴ ነው። በቀን በመቶ የሚቆጠር መልእክት በሚያልፍበት ቦታ፣ በአሥር ቀን አንዴ ብቅ የሚልን ስም ማንም አያስታውስም። ደግሞ መልእክትሽን ባየበት ቅጽበት አብዛኛው ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ያህል ሰው አለ፣ አንዱ ይመልስላታል»። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ እ.ኤ.አ. በ1968 በሙከራ ያሳዩት ይህንኑ ነበር። አንድ ሰው በድምፅ ማስተላለፊያ ሕመም ሲጥለው ይሰማል። የሚሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት ውስጥ 85 በመቶው ጥሪው ሳያበቃ ለእርዳታ ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት ግን የተነሡት 31 በመቶው ናቸው። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ኃላፊነቱ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የደረሰው ቁራጭ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሕመም ላይ እንዲህ ከሆነ፣ የተበጠሰ ክር ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው።

አንድ ትንሽ ነገር እናክል፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ መልእክትሽ ሥር ሁለት የ✓ ምልክት ሲታይ ሁሉም አንብቦታል ማለት አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ብቻ ነው። «አይተውት ዝም አሉ» ብለሽ ያደርሽበት ብዙው ጊዜ፣ ጨርሶ ያላዩት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ላክሽልን መልእክት። እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? ማሽኔ ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ? እባካችሁ የምታውቁ ተባበሩኝ።»

ትሕትናው ጥሩ ነው። ግን መልሱን የሚያውቅ አንድ ጎበዝ ሰፊ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚገጥመው ተመልከቺ። የላይኛው ክር ነው የታችኛው? በምን ጨርቅ ላይ? መርፌው ስንት ቁጥር ነው? ክሩስ ምን ዓይነት? ከመቼ ጀምሮ? አምስት ጥያቄ ጠይቆ፣ መልስሽን ጠብቆ፣ ከዚያ ነው መርዳት የሚችለው። እሱ ደግሞ ስልኩን የከፈተው ሥራ መሐል ለሁለት ደቂቃ ነው። ያልፈዋል። አንቺን ንቆ አይደለም ያለፈሽ፣ ጥያቄሽ ለእሱ ሥራ ስለሆነበት ነው። ያንኑ ጉዳይ እንዲህ ብትጽፊውስ?

«የላይኛው ክር እየተበጠሰብኝ ነው። ጨርቁ ጂንስ ነው። ሁለት ድርብ ላይ በደንብ ይሰፋል፤ ጠርዙ አራት ድርብ ላይ ሲደርስ ይበጠሳል። መርፌው 90/14፣ ክሩ ፖሊስተር። ክሩን አውጥቼ እንደገና አስገብቻለሁ፣ መርፌውንም በአዲስ ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። መርፌውን ወፈር ላድርገው ወይስ የክሩን ማጥበቂያ ላላላው? የመጀመሪያ ሱሪዬ ነው፣ ፎቶው የተበጠሰበት ቦታ ነው።»

ለዚህ መልሱ አንድ መስመር ነው፤ «100/16 የጂንስ መርፌ ሞክሪ፣ ድርቡ ላይ ስትደርሺ ፍጥነት ቀንሺ።» አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እንበትነው። ችግሩ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደማይመጣ ተናግረሻል። ዕቃዎቹን በቁጥራቸው ጠርተሻል። የሞከርሽውን ስለጻፍሽ ማንም «መርፌ ቀይሪ» ብሎ ጊዜሽን አያባክንም፣ እንደምትለፊም ይታያል። መጨረሻ ላይ «ምን ላድርግ» ሳይሆን «ይህን ወይስ ያንን» ብለሻል፤ ከሁሉም ይበልጥ መልስ የሚያመጣው ይህ ነው፣ ምክንያቱም በአንድ አውራ ጣት ሊመለስ ይችላል። «የመጀመሪያ ሱሪዬ ነው» የምትለዋ ቁራጭም ዝም ብላ የገባች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩዝኔት በተባለው የቆየ የኢንተርኔት መረብ የውይይት ቡድኖች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከቡድኑ ጉዳይ ያልወጡ፣ ጥያቄ ያዘሉና ጸሐፊው ከጉዳዩ ጋር ያለውን ግንኙነት በአጭሩ የሚናገሩ መልእክቶች የተሻለ መልስ ያገኛሉ። ስለ ራስሽ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። የሕይወት ታሪክ ከሆነ ሰው ይዘለዋል።

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል፤ አጠያየቅ ደግሞ ወዳጅ ያመጣል።

መልስ ካልመጣ አንድ ቀን ሙሉ ጠብቂ። ከዚያ የራስሽን መልእክት «ሪፕላይ» አድርገሽ አዲስ ነገር ጨምሪበት፤ «ዛሬ ማጥበቂያውን አላልቼ ሞክሬ ነበር፣ ትንሽ ተሻለው ግን አልተወም» በይ። ሁለተኛ ጊዜ ማንሳት ነውር አይደለም። ሦስተኛ ጊዜ ግን አታንሺው፤ ጥያቄውን ከሚመልሱት አንዷን መርጠሽ ለብቻ ጠይቂ። ሰዓትም ይወስናል። ሦስት ቀን ዝም ብለሽ ተከታተይና አብዝተው የሚመልሱት ሰዎች በስንት ሰዓት እንደሚገቡ ጻፊ። ብዙ ጊዜ የሚሰበሰቡበት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አለ። ከዚያ ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ቀደም ብለሽ ላኪ።

ስለ ፎቶው። ስልሳው ላይክ ለቀሚሱ ብቻ የተሰጠ እንዳይመስልሽ። ያቺ ልጅ ምናልባት ከእነዚያ አርባ ሰዎች አንዷ ናት፤ ከስልሳው ብዙዎቹ ከዚህ በፊት የመለሰችላቸው፣ ያበረታታቻቸው፣ ስሟን የሚያውቁ ናቸው። ላይኩ የወራት ውለታ ነው፤ አንድ ፎቶ ላይ ተሰብስቦ መጣ እንጂ በአንድ ቀን አልተገኘም። ያንቺ ፎቶ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት፤ ያለቀ ቀሚስ ፊት ለፊት ሲታይ ሰው «ጎበዝ» ከማለት ውጪ የሚለው ነገር አያገኝም። መያዣ ያስፈልገዋል። ከአንድ ፎቶ ይልቅ ሦስት ላኪ፤ ሙሉውን፣ አንድ ክፍሉን ቀረብ አድርጎ፣ ከዚያ ደግሞ ገልብጠሽ የውስጥ ስፌቱን። ሰፊዎች ውስጡን ማየት ይወዳሉ፣ ሥራ የሚታወቀውም እዚያ ነው። ከዚያ የተሳካልሽን አንድ ነገር፣ ያልተሳካልሽን አንድ ነገር ጻፊ። አንቺ የተጣመመውን ዚፕ እንዳይታይ ደብቀሽው ይሆናል፤ ሰው ሊያናግርሽ የሚችልበት በር ግን ዚፑ ነበር።

እንግዲህ ወደ ስድስቱ ሰዎች።

ደብተር ያዢ። የሁለት ሳምንቱን ውይይት ወደ ላይ እየሄድሽ አንብቢና ስሞች ጻፊ። ትልልቆቹን፣ ሁሉም የሚያጨበጭብላቸውን አትፈልጊ፤ እነሱ ጋ ወረፋው ረጅም ነው። የምትፈልጊው፣ ለአዲስ ሰው ሳይታክቱ የሚመልሱ ከአንቺ ቀደም ያሉ ሁለት ሰዎች፤ አሁን አንቺ ያለሽበት ደረጃ ላይ ያሉ፣ ተመሳሳይ ነገር የሚያስቸግራቸው ሦስት ሰዎች፤ ትናንት የገባና አንቺ ከሦስት ወር በፊት የጠየቅሽውን የሚጠይቅ አንድ ሰው። ከእነዚህ ሁሉ ሦስቱ እኩዮችሽ ናቸው ዋናዎቹ። አብሮ መማር ከሁሉ ይልቅ ያቀራርባል፤ አስተማሪና ተማሪ ሆኖ መቀራረብ ይቻላል ግን ይዘገያል።

ከዚያ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። የራስሽን ነገር ከመለጠፍሽ በፊት ለሦስት ሰዎች መልስ ስጪ። ልክ ሦስት ነገር ለሌላ ሰጥተሽ አንድ ለራስሽ ብትጠይቂ፣ ሚዛኑ ደህና ነው። «እኔ ምን አውቄ ነው የምመልሰው?» ትይን ይሆናል። ሰባት ወር ተምረሻል። ክር እንዴት እንደሚገባ፣ መርፌ በየትኛው ጎን እንደሚዞር፣ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ለምን እንደሚታጠብ ታውቂያለሽ። ትናንት ለገባው ሰው ከአንቺ የተሻለ አስተማሪ የለም፤ የትኛው እርምጃ ላይ እንደሚደናገር የምታስታውሺው አንቺ ነሽ። ባለሙያው ያንን ከረሳ ቆይቷል።

አስተያየት ስትሰጪ ከ«ጎበዝ» አንድ እርምጃ ውረጂ። «በጣም ያምራል» የሚለው ቃል ለሺህ ፎቶ ይሆናል፤ ስለዚህ ለማንም አይሆንም። «እጅጌው ትከሻው ላይ ሳይኮማተር ነው የገባው፣ መጀመሪያ በእጅ ሸልለሽው (ሰፋ ባለ ስፌት ለጊዜው ይዘሽው) ነው?» ብትይ ግን ያቺ ሰፊ ሥራዋ በእውነት እንደታየላት ታውቃለች፤ ጥያቄ ስላለበትም ትመልሳለች። ስትመልሺ «ሪፕላይ» ተጠቀሚ፣ ስሟንም ጥሪ። ስም መጥራት በጽሑፍ ውስጥ ፊት ለፊት እንደማየት ነው።

አሁን የምንነግርሽን ከሁሉ አብልጠሽ ያዢልን፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነውና። ምክር ከተቀበልሽ በኋላ ተመልሰሽ ውጤቱን ንገሪ። ግሩፖች ውስጥ መልስ የሚሰጡ ሰዎች የሚሰለቹት ጥያቄ በዝቶባቸው ብቻ አይደለም፤ ምክራቸው ሠራ አልሠራ ሳያውቁ ስለሚቀሩ ነው። ጠያቂው «እሺ አመሰግናለሁ» ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። አንቺ በሦስተኛው ቀን መጥተሽ «ማክሰኞ የነገርሽኝን 100/16 መርፌ አስገባሁ። አራት ድርቡን ሳይበጥስ አለፈ፣ ጠርዙን ጨርሻለሁ፣ ፎቶው ይኸው» ብትይ ያቺን ሴት ደስ ታሰኛታለሽ፤ በሚቀጥለው ስትጠይቂም ስምሽን ታውቀዋለች። ምክሩ ካልሠራም ተመለሺ፤ «ሞከርኩት፣ አሁንም ይበጠሳል፣ ግን በፊት በየጣት እርዝማኔ የነበረው አሁን በየክንድ ሆኗል» ማለት ክብር ነው። ሞክረሽዋል ማለት ነው፣ ቃሏን አልጣልሽም። ይህን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያደረገች ሴት በማንኛውም ግሩፕ ውስጥ የማትታይ ሆና አትቀርም።

በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ትንሽ ሥራ ያዢ። ትንሽ ስንል ትንሽ ነው። ለምሳሌ በየሳምንቱ ዓርብ፣ በሳምንቱ ከተመለሱት ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠሽ ጥያቄውን በአንድ መስመር፣ መልሱን በአንድ መስመር፣ የመለሰውን ሰው ስም ጨምረሽ ለጥፊ። ሃያ ደቂቃ ይወስድብሻል። ለአዲሶች ይጠቅማል፣ የመለሱትን ያስመሰግናል፣ ያንቺም ስም ዓርብ ሲመጣ ይጠበቃል። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ማክሚላንና ቻቪስ እ.ኤ.አ. በ1986 ሰው የአንድ ማኅበረሰብ አካል ነኝ እንዲል አራት ነገር ያስፈልጋል ብለው ጽፈዋል፤ አባልነት፣ ተደማጭነት፣ የሚሻውን ማግኘትና የጋራ የስሜት ትስስር። አንቺ እስካሁን ያለሽ የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ስምሽ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። የዓርቡ ሥራ ሁለተኛውን ይሰጥሻል። ደረጃው በዚያው ይሁን። የግሩፑን ሸክም ሁሉ ተሸክመሽ ሌሊት ለሁሉም እየመለስሽ ከሄድሽ፣ በሁለት ወር ውስጥ ማንም ያላዘዘሽ ባለዕዳ ሆነሽ «ይህን ሁሉ አድርጌላቸው» እያልሽ ትማረሪያለሽ።

አራተኛውን፣ የስሜት ትስስሩን፣ ትልቁ ግሩፕ አይሰጥሽም። ይህን ከአሁኑ ብታውቂው ትጠቀሚያለሽ። ጄፍሪ ሆል የተባለ ተመራማሪ አዲስ ከተማ የገቡ ሰዎችንና አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምት፣ ሁለት ሰዎች ከመተዋወቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመባባል 90፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 በላይ አብረው ማሳለፍ ያስፈልጋቸዋል። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ 50 ሰዓት ለመሙላት 200 ቀን ይፈጃል፤ እሱም አሥራ አምስቱም ደቂቃ ከአንድ ሰው ጋር ከሆነ ነው። ስለዚህ በግሩፑ ጽሑፍ ብቻ የሚገኘው መተዋወቅ ነው። ወደ ትንሽ ክፍል መውረድ አለብሽ። ሦስቱን እኩዮችሽን አንድ ወይም ሁለት ጨምረሽ እንዲህ በያቸው፤ «በአራት ሳምንት አንድ ሸሚዝ አብረን እንስፋ። አንደኛው ሳምንት ልክና ቁርጥ፣ ሁለተኛው ትከሻና ጎን፣ ሦስተኛው እጅጌና ኮሌታ፣ አራተኛው ቁልፍና ጠርዝ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት በድምፅ እንገናኛለን።» ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይሁን። ሦስት ከሆናችሁ አንዱ ሲቀር ይፈርሳል፤ ከሰባት ካለፋችሁ ሁለት ሰዎች ያወራሉ፣ የቀሩት ይሰማሉ። የሚያልቅበት ቀን መታወቁ ግድ ነው፤ መጨረሻ የሌለው ግብዣ ሰው ያስፈራል። ስትገናኙ ማሽናችሁን አስነሡ፤ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ወሬው ራሱ ይመጣል።

ወደ ኢንቦክስ መሄድን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ግሩፑ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነጋገሩ። ከዚያ «ስለ ኮሌታው አንድ ነገር ለብቻ ልጠይቅሽ ይቻላል?» ብለሽ ፈቃድ ጠይቂ፤ «ሰላም» ብቻ ጽፎ መጠበቅ ሰውን ያሳቅቃል። ያልተጠየቀ ረጅም ቮይስም አትላኪ፤ ብዙ ሰው ሰው መሐል ሆኖ ስለሆነ የሚከፍተው፣ ሳይሰማው ይቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ ብቸኝነትን የሚያሸት ሰው አይጠፋም። በሁለተኛው ቀን ፍቅር የሚያወራ፣ ከግሩፑ እንድትወጪና እሱን ብቻ እንድታናግሪ የሚገፋፋ፣ ገንዘብ የቸገረው፣ ስልክሽ ላይ የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ፣ አትከራከሪው። ዝጊውና ለአድሚኑ ንገሪ። የማረጋገጫ ቁጥሩ የአካውንትሽ ቁልፍ ነው፤ ለማንም አይሰጥም። የቤትሽን አድራሻም፣ ዕቃ ልላክልሽ ቢሉሽም፣ በዚህ ደረጃ አትስጪ።

ስለ ስልኩ ደግሞ፣ የግሩፑን ድምፅ ዝጊው። መልስ ሲሰጥሽ ወይም ስምሽ ሲጠራ ከግሩፑ ስም ጎን የ@ ምልክት ይወጣል፣ ምንም አያመልጥሽም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ምንም አትለጥፊ። ከለጠፍሽ በኋላ ለሦስት ሰዓት አትክፈቺው። አንዳንዴ የሚያገኝ አንዳንዴ የሚያጣ እጅ ነው ከሁሉ ይበልጥ መመለስ የሚያቅተው፤ ሌሊት ስልክሽን ያስነሣሽም ያው ነው። የለጠፍሽውንም አታጥፊ። ጽሑፉ በግሩፑ ውስጥ ይፈለጋል፤ ከሁለት ወር በኋላ ዚፕ ያስቸገረው ሰው ፈልጎ ያገኝሻል። አንድ ነገር ደግሞ እንለምንሻለን፤ የከፋሽ ዕለት «ማንም የማይመልስበት ግሩፕ» ብለሽ አትጻፊ። በእርግጥ ያን ዕለት ብዙ መልስ ይመጣል። የሚመጣው ግን ለንዴትሽ ነው፤ ሰው በዚያ ስም ነው የሚያስታውስሽ።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተርሽን ክፈቺ። ከላይ እንዳልነው በደንብ አድርገሽ ከጻፍሻቸው ስድስት መልእክቶች ሦስቱ መልስ አግኝተዋል? ቢያንስ ሁለት ሰው ሳትጠሪው በስምሽ ጠርቶሻል? አዲስ ሰው ቀላል ነገር ሲጠይቅ ይመለስለታል ወይስ ይሳቅበታል? ለሦስቱም መልሱ መጥፎ ከሆነ፣ ውጪ። ቦታው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም፣ ይህን በደብተርሽ ላይ በቁጥር ይዘሻል። ስንብት መጻፍ አያስፈልግም፤ የቀረቡሽን ሰዎች ብቻ ለብቻ «ሌላ ቦታ እሆናለሁ፣ እንዳንጠፋፋ» በያቸው። ሌላ ስትፈልጊ ከሃምሳ እስከ መቶ ሃምሳ አባላት ያሉት ይሻላል። ከመጻፍሽ በፊት የአንድ ሳምንቱን ውይይት አንብበሽ አንድ ነገር ብቻ ፈልጊ፤ ምክር የተቀበሉ ሰዎች ተመልሰው ውጤቱን ይናገራሉ? ይህ ካለ ደህና ቤት ነው።

አድሚን ሆነህ ወይም ሆነሽ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ማታ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ በዕለቱ መልስ ያላገኙትን ጥያቄዎች ሰብስቡና «እነዚህ ሦስቱ ይቀራሉ፣ ማን ያውቃል?» ብላችሁ ለጥፉ። ከቻላችሁ የሚመልሰውን ሰው በስም ጥሩት። የተጠራ ሰው ይመልሳል።

እና ቀሚሱ። ፎቶውን ከግሩፑ አጥፍተሽዋል እንጂ ከስልክሽ አላጠፋሽውም ብለን እናስባለን። ቅዳሜ፣ ሰዎቹ ከሚገቡበት ሰዓት ቀደም ብለሽ፣ ሦስቱን ፎቶ አድርገሽ መልሰሽ ላኪው፤ ከሥሩ እንዲህ ጻፊ፦

«ራሴ የሰፋሁት የመጀመሪያ ቀሚሴ ነው። የወገቡ ልክ በመጀመሪያው ሙከራ ገባልኝ። ዚፑ ግን ከወገብ በታች ተጣሞብኛል፣ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ይታያል። ጨርቁ ስስ ነው፣ ከመስፋቴ በፊት በስፒል ብቻ ነው የያዝኩት። ፈትቼ በእጅ ሸልዬ ልስፋው፣ ወይስ ከጀርባው ማጠንከሪያ ጨርቅ ልጨምርበት?»

ከላክሽ በኋላ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪውና ዚፑን መፍታት ጀምሪ። የሚመጣው መልስ የትኛውም ቢሆን መፈታቱ አይቀርም።